ሳንቲም መክተቻ የሌለው አርኬድ

አሜሪካና ጃፓን ውስጥ አርኬድ የሚባለውን የጌም አዳራሽ ያዳከመው፣ ሰው ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚሰካው የቤት ጌም ነው። ልጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መጫወት ከቻለ ሳንቲም ቋጥሮ አዳራሽ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት አነሰ። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ለሳሎን የተሠራው ያው ማሽን እዚህ ሲደርስ ወደ ሳሎን አልገባም፤ መንገድ ዳር ወጥቶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮለት፣ ተቆጣጣሪ ተቀምጦበት ራሱ አርኬድ ሆነ። ፕሌስቴሽን ቤት፣ ባጭሩ ጌም ቤት የምንለው ማለት ነው።

ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ በቁስቋም በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወይም በምሥራቁ ወገን በጉራራና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርጎ ወደ ቀበና የወረደ ሰው እነዚህን ቤቶች ሳያያቸው አልቀረም። ዛሬ እየሳሱ ነው። የአንዳንዱን ደንበኛ ስልክ ወሰደው፤ አንዳንዱን ውርርድ ቤት ተካው፤ መንገድ ዳር የነበረውን ኮሪደር ልማት አነሳው፤ የቀረውን ደንብ ማስከበር በየጊዜው ያሽገዋል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ከመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1,300 ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የተነገረለት እንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የዚፕላይንና የጎካርት ዋጋ ለሚችል ሰው ሌላ ዓለም ሆኗል። ጌም ቤቱ ሲታሸግ የሚደሰተውም የሚቆጨውም ወገን ግን የታሸገውን ነገር በውል ያወቀው አይመስለኝም። ጌም ቤት የዓለም የጌም ታሪክ ሲጀመር የነበረውን፣ በኋላ ግን ኢንዱስትሪው ራሱ ወደ ጎን የተወውን መንገድ ይዞ የኖረ ተቋም ነው። ይህ እንዲታይ ታሪኩን ከመነሻው ማንሳት ግድ ነው።

የቪዲዮ ጌም የተወለደው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለ የፊዚክስ ሰው፣ ሊጎበኝ የሚመጣው ሕዝብ እንዳይሰለች ብሎ በኦሲሎስኮፕ ትንሽ መስኮት ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። ኳሷ የብርሃን ነጥብ ናት፤ የምትበርበትን መስመር ያሰላላት የሚሳይል አቅጣጫ ማስላት የሚችል አናሎግ ኮምፒውተር ነው። ሂጊንቦተም በጦርነቱ ዘመን ለመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ በ1962 የኤምአይቲው ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ስፔስዋር»ን ሠራ፤ ሁለት መንኮራኩሮች በአንዲት ኮከብ የስበት ኃይል ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይተኳኮሳሉ። የተጫወቱበት ፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ዋጋው 120,000 ዶላር ያህል ነበር። በዚህ ዋጋ መዝናናት የሚችለው ዩኒቨርሲቲና መከላከያ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ መጠጥ ቤት ያወረደው ሰው ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ኖላን ቡሽኔል የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ሳለ ክረምት ክረምት ላጉን በሚባል የዩታ መዝናኛ ፓርክ ይሠራ ነበር፤ አላፊ አግዳሚውን እየጠራ ኪሱን የሚያስከፍት ሠራተኛ። ከቴድ ዳብኒ ጋር ሆኖ በ1971 ያወጣው የመጀመሪያው ባለሳንቲም ማሽን «ኮምፒውተር ስፔስ» የስፔስዋር ልጅ ነበር፤ ወደ 1,500 ያህል ተሠርቶ በተጠበቀው ልክ አልሄደም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቢራ የጠጣ ሰው ቆሞ መመሪያ አያነብም። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ አታሪን አቋቁመው አላን አልኮርን የተባለውን ወጣት መሐንዲስ ቀለል ያለ የጠረጴዛ ቴኒስ እንዲሠራ አዘዙት። አልኮርን ከሱቅ 75 ዶላር የገዛውን የሂታቺ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እንጨት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ማይክሮፕሮሰሰር የለውም፤ ሁሉም ነገር የተሠራው በተራ የሎጂክ ቺፖች ነው። «ፖንግ» ተባለ፤ ሰኒቬል ከተማ አንዲ ካፕስ በተባለ መጠጥ ቤት ለሙከራ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ አልኮርን ተጠራ። ከፍቶ ሲያየው ብልሽት የለበትም፤ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ሞልቶ ነው የቆመው።

ቴኒሱን ማን ቀድሞ ሠራው የሚለው ክርክር ሌላ ታሪክ ነው። ከናዚ ጀርመን አምልጦ አሜሪካ የገባው ራልፍ ቤየር የፈጠረው «ማግናቮክስ ኦዲሲ» የተባለ የቤት ጌም በዚያው በ1972 ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ቡሽኔልም ፖንግ ከመሠራቱ በፊት ኦዲሲን አይቶታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 አታሪ ገንዘብ ከፍሎ በስምምነት ጨረሰው።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። የመጀመሪያው ፖንግ ብቻውን የመጣ ሰው አያጫውትም ነበር። ማሽኑ በራሱ አይጫወትም፤ ባለጋራ ሰው መሆን አለበት። ቴኒሱም ስፔስዋርም እንደዚሁ ነበሩ። ሦስቱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሌላውን የሚያሸንፍባቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ ማሽኑ ሜዳውንና ኳሱን ያቀርባል፣ ነጥብ ይይዛል፣ ሌላ ሥራ የለውም። መጠጥ ቤት ውስጥ የሠራውም ለዚህ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተጠራርተው ይጫወቱ ነበር።

መንገዱ የተቀየረው በ1978 ነው። የታይቶ ኩባንያው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሲያወጣ ተጫዋቹ ፊቱን ከሰው ወደ ማሽኑ አዞረ። ከላይ የሚወርዱት ጭራቆች አይደክማቸውም፤ ባለቁ ቁጥር የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ፍጥነቱ በመጀመሪያ የታሰበ ብልሃት አልነበረም፤ ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር የሚስለው ነገር ሲቀንስለት ሥራው ስለሚፈጥን የመጣ ነው፤ ኒሺካዶ ግን ወዶት ተወው። ጃፓን ውስጥ የመቶ የን ሳንቲም እስኪጠፋ ድረስ ተጫወቱት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ «ፓክማን»ን አስከተለ። ከዚህ በኋላ የአርኬድ ዋና ምስል አንድ ሰው ማሽን ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ከፍተኛ ነጥብ ሲያሳድድ ሆነ።

ለውጡ የገንዘቡንም ስሌት ለወጠው። ሰው ከማሽን ጋር ሲጋጠም የባለቤቱ ገቢ የሚለካው ተጫዋቹ በስንት ደቂቃ ይሞታል በሚለው ነው። ጎበዝ ተጫዋች ኪሳራ ነው፤ በአንድ ሩብ ዶላር ግማሽ ቀን ማሽኑን ይዞ ሊቆም ይችላል። የኤምአይቲ ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስቀመጧቸው ማሽኖች ገቢ ተጫዋቹ በጎበዘ ቁጥር እየወደቀ ሲሄድ አዩና በ1981 ጨዋታውን የሚያከብድ ተጨማሪ ሰሌዳ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። አታሪ ከሰሳቸው፤ ታረቁ፤ ያው ቡድን በፓክማን ላይ የሞከረው ለውጥ በኋላ «ሚስ ፓክማን» ሆኖ ወጣ። ኢንዱስትሪው ጎበዙን የመቅጣት ሥራ ያዘ ማለት ነው። ጥቃቱ እየፈጠነ፣ ነፍሱ እያነሰ፣ ደረጃው እየከበደ የሚሄደው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ነፍስህ አልቋል፣ ጠብቅ ወይም ክፈል የሚለን ጌምም የዚያው ስሌት የልጅ ልጅ ነው።

በዚያ ጊዜ እኛ የት ነበርን? ፖንግ የወጣበት 1972 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰማንያኛ ልደታቸውን ያከበሩበት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ገና ጥቁርና ነጭ፣ የጥቂት ቤቶች ዕቃ ነበር። ስፔስ ኢንቬደርስ ጃፓንን ሲያጥለቀልቅ እዚህ 1970 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ ሽብር፣ የኦጋዴን ጦርነት፣ ሰዓት እላፊ። ማታ ተሰብስቦ መጫወት ቀርቶ ማታ መንገድ ላይ መገኘት ሞት ሊሆን በሚችልበት ከተማ የጌም አዳራሽ አይታሰብም። የቤት ጌም ገበያ አሜሪካ ውስጥ በተንኮታኮተበት በ1983 ኒንቴንዶ ጃፓን ላይ ፋሚኮምን አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የእኛ ቴሌቪዥን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቀለም ሲለብስ ሰሜኑ ተርቦ ነበር። ወርቃማው የአርኬድ ዘመን የሚባለው አምስት ስድስት ዓመት እንዳለ እኛን ሳይነካ አለፈ።

ባለሳንቲሙ ማሽን ያልመጣው ግን በፖለቲካ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማሽኑ ያለ ተቆጣጣሪ እንዲሠራ ያስቻለው ሩብ ዶላር ነው፤ አንድ ጨዋታ የሚገዛ፣ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው፣ አንድ መጠን ያለው ብረት። የእኛ ትልቁ ሳንቲም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር በሳንቲም የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ወረቀት ነበር። የዋጋ ንረቱ ሳንቲሙን እየበላው ሲሄድ ሳንቲም የሚቆጥር ማሽን ማስመጣት ትርጉም አጣ። ተቀምጦ የሚቆጣጠር የሰፈር ልጅ ደግሞ ከማንኛውም ማሽን ይረክሳል። ስለዚህ ሳንቲም መክተቻውን ሰው ተካው፤ ሰው ደግሞ ዱቤ ይሰጣል፣ ይታረቃል፣ ይከራከራል፣ የሰፈሩን እናቶች ያውቃል።

ሌላውም ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ጆተኒን ያስታውሷል። ሰፈር ውስጥ አናጢ የሠራው የእንጨት ጠረጴዛ፣ የብረት ዘንግ፣ ከዘንጉ ጋር የታሰሩ የእንጨት ተጫዋቾች፤ ኳሱን የያዘው ልጅ ገንዘብ ሲቀበል ኳሱን ይለቃል። ደንቡ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ፑል ቤትና ከረንቡላ ቤትም በዚሁ ደንብ ይሠሩ ነበር። ወደኋላ ከሄድን ገበጣም ቢሆን ሁለት ሰው ተቀምጦ አሥር ሰው የሚመክርበት ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግቦ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ያወጣው በ1971 ነበር፤ ቡሽኔል ኮምፒውተር ስፔስን ለገበያ ባቀረበበት ዓመት። ወደ እኛ የመጣው የጌም ዕቃ ባዶ ቦታ ላይ አላረፈም። ደንብ፣ አከፋፈል፣ ተመልካች፣ የተራ አጠባበቅ ሁሉ ተሰናድቶ ጠበቀው።

መጀመሪያ የመጣው ቲቪ ጌም የምንለው ነው፤ ታይዋንና ቻይና ውስጥ የተሠሩ የፋሚኮም ቅጂዎች። የኒንቴንዶ ኩባንያ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካ በራሱ ሲዘገይ ቅጂው ቀድሞ ገባ፤ ሞስኮ ላይ በ1992 «ዴንዲ» ተብሎ ተሸጠ፣ እኛ ጋ በመርካቶ በኩል ስም የለሽ ሆኖ መጣ። ካርትሬጁ ላይ 9999 ጌም ይላል፤ ተከፍቶ ሲታይ ጥቂት ጨዋታዎች ስማቸውን እየቀያየሩ ይደጋገማሉ። ሱፐር ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ታንክ። ፓክማንና ዶንኪ ኮንግም እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ አርኬድ በዓይኑ ያላየ የእኛ ሰው የአርኬድን ዋና ዋና ጌሞች በመጀመሪያ ያየው በዚህ የተቀዳ ካርትሬጅ ነው። ቪዲዮ ቤቶች፣ ያኔ የካራቴና የህንድ ፊልም የሚያሳዩት፣ ቀን ቀን ቴሌቪዥናቸው ላይ ቲቪ ጌም መሰካት ጀመሩ።

ጌም ቤትን ጌም ቤት ያደረገው ግን ሶኒ በ1994 መጨረሻ ጃፓን ላይ ያወጣው ፕሌስቴሽን ነው፤ ከእሱም ይበልጥ በ2000 የተከተለው ሁለተኛው። የሚጫወቱበት ሲዲ እንደ ሙዚቃ ይቀዳል፤ የተቀዳውን እንዲያነብ ማሽኑ ውስጥ ቺፕ ይበየድለታል። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌስቴሽን 2 ምርቱ የቆመው በ2013 መግቢያ ላይ ነው፤ ሆኖም ፊፋ 14ና ፔስ 2014 የተባሉት የእግር ኳስ ጌሞች ለእሱም ወጥተዋል። ኩባንያዎቹ ሁለት ትውልድ ላረጀ ማሽን እስከዚያ ድረስ ጌም ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብዙ አገር የዋናው ገበያ ተጫዋች ገና እሱ ላይ ነበር። የእኛ ሰፈሮች ደግሞ ከዚያም በኋላ አልተዉትም።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልት ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ያለውን ዓይነት አንድ ቤት ቀረብ ብለን እንየው። ቆርቆሮ ግድግዳ በካርቶን ተሸፍኖ ላዩ ላይ የአርሰናልና የማንቸስተር ፖስተር። ሁለት ቴሌቪዥን፤ አንዱ ጠርዙ ላይ የደበዘዘ አረንጓዴ መስመር አለበት፣ እሱ ላይ መጫወት ማንም አይወድም፣ ሰልፍ ሲረዝም ግን ይፈለጋል። የጆስቲኩ ጎማ ከመታሸት ብዛት ተልጦ ፕላስቲኩ ወጥቷል፤ ገመዱ አንገቱ ላይ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጥጉ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጭኑ ላይ ደብተር አለው፤ ማን ስንት ጌም እንደተጫወተ በጭረት ይይዛል። ጨዋታው በአጭር ደቂቃ ተሞልቷል፤ ቢረዝም ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ቢያጥር ተጫዋቹ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልዩ ፍርድ አለ፤ ሁለት ለዜሮ የሚመራው አሸንፌያለሁ ይላል፣ ተመሪው አልተጠናቀቀም ይላል፣ ባለደብተሩ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜ ፍርዱ ለቤቱ ያደላል፤ ድጋሚ ትጫወታላችሁ፣ የተሸነፈ ይከፍላል።

የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ደንብ ነው ነገሩን ሁሉ የወሰነው። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ይከፈለዋል፤ ማን እንደከፈለው ግድ የለውም። ጎበዝ ተጫዋች ለአሜሪካው አርኬድ ኪሳራ እንደነበር አይተናል፤ ለእኛው ጌም ቤት ግን መስህብ ነው። ሰው እሱን ለመጣል ይመጣል፣ ይሸነፋል፣ ይከፍላል፣ ነገ ይመለሳል። ስለዚህ ጨዋታውን ማክበድ የሚፈልግ የለም። የሚፈለገው ሁለት ሰው የሚጋጠምበት፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ አሸናፊው የማያከራክር ጨዋታ ነው። ኮናሚ ከ1995 ጀምሮ ያሳደገው ዊኒንግ ኢለቨን፣ በኋላ ፔስ የሆነው፣ ከዚያም ፊፋ፤ በሁለተኛ ደረጃ የድብድብ ጌሞቹ ቴከንና ሞርታል ኮምባት። ሃያ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ያላቸው ድንቅ ጌሞች ጌም ቤት ውስጥ ያልዘለቁት ሰው ስላልወደዳቸው አይደለም፤ ማን ይክፈል የሚለውን ጥያቄ ስለማይመልሱ ነው። ዲኤስቲቪ ያመጣው የእንግሊዝ ኳስ ፍቅር በዚህ ላይ ሲጨመር ውጤቱ የታወቀ ሆነ። ቅዳሜ ያየነውን እሑድ ደገምነው።

በዚህ ብቸኞች አይደለንም። ካፕኮም በ1991 ስትሪት ፋይተር 2ን ሲያወጣ የአሜሪካ አርኬዶች ለጥቂት ዓመት ነፍስ ዘርተው ነበር፤ አሸናፊው ይቀመጣል፣ ተራው የደረሰው ሳንቲም ይከታል። ያም ሰው ለሰው ነው። እዚያ ግን ሰው በሰው የገጠመበት ዘመን መጥቶ ሄደ፤ እኛ ጋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቋሚ ሥርዓት ሆነ። ፖንግ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የፈጠረው ነገር፣ ጎን ለጎን ቆሞ ባለጋራን በክንድ እየገፉ መጫወት፣ ከእንጦጦ ግርጌ የቆየውን ያህል በተወለደበት ከተማ አልቆየም።

ክሱም አብሮ ኖሯል፤ ባዶ ክስ ነው ማለት አይቻልም። ልጅ ከትምህርት ቤት ይፎርፋል፤ የዳቦ መግዣው ያልቃል፤ ከደንቡ ጎን ለጎን ውርርድ ይገባል፤ ጫት የሚቃምባቸው ቤቶችም አሉ። አንድ ተጨማሪ ክስ እኔ ልጨምር፤ ሴት ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም። መከልከል አያስፈልግም፣ መጋረጃውና ዓይኑ ይበቃታል። የሰፈሩ ትልቁ የመጫወቻ ተቋም ግማሹን ልጅ ሳያይ ነው ያደገው። ይህን የሚያነሳ ወላጅም ባለሥልጣንም አልሰማሁም፤ ጩኸቱ ሁልጊዜ ስለ ወንዱ ልጅ ውጤት ነው።

መፍትሔው ላይ ስንመጣ ግን ዓለም ሁሉ ያለፈበትን ስህተት ዘግይተን እየደገምን ነው። ማያ ያለው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ያስፈራል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ የተከፈተውን ሲኒማ የአዲስ አበባ ሰው ሰይጣን ቤት ብሎታል። ፈርዲናንድ ማርኮስ በ1981 ፊሊፒንስ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ማሽኖችን በአዋጅ ከለከለ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ አባል ጆርጅ ፎልክስ ስፔስ ኢንቬደርስን ለመቆጣጠር ረቂቅ አቅርቦ 114 ለ94 ተሸነፈ፤ ሃያ ድምፅ ብቻ ነው የለየው። ሜስኪት የተባለች የቴክሳስ ከተማ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ አርኬድ እንዳይገባ ያወጣችው ደንብ በ1982 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የተሻለ ትምህርት የሚገኘው ከደቡብ ኮሪያ ነው። በ1997ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ማግስት በየመንደሩ የተከፈቱት የኮምፒውተር ጌም ቤቶች በ1998 በወጣው ስታርክራፍት ሲጥለቀለቁ መንግሥት አልዘጋቸውም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳይገባ ሰዓት ወሰነ። ከእነዚያ ቤቶች የሙያ ተጫዋቾች፣ ከተጫዋቾቹ ሊግ፣ ከሊጉ ኢንዱስትሪ ወጣ። በ2011 ሌሊት ልጆች በኦንላይን እንዳይጫወቱ አገሪቱ ያወጣችውን ሕግ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ አልሠራም ብላ ሽራዋለች።

የእኛ አካሄድ ሌላ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በትምህርት ቤቶች ዙሪያ አዋኪ ድርጊት የሚል ዘመቻ ይወጣል፤ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቪዲዮ ቤት፣ ጌም ቤት በአንድ መስመር ተጽፈው በአንድ ቀን ይታሸጋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚከፈተው የቱ እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። በዚህ መሀል የተስፋፋው ውርርድ ቤት ነው፤ ያውም ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይዞ፤ ከተማው ቆይቶ ሲነቃ እሱንም ማሸግ ጀመረ። ጌም ቤት ውስጥ ልጁ ራሱ ይጫወታል፣ ጓደኛው ይበልጠዋል፣ ይማራል። ውርርድ ቤት ውስጥ ሌሎች የሚጫወቱትን ኳስ ወረቀት ይዞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ተዘግቶ ለሁለተኛው ፈቃድ ሲሰጥ ምን እንደታሰበ ለማወቅ ይቸግራል።

የመክፈል አቅም ላለው ሰው መጫወቻው አልጠፋም። ዋናው አርኬድ ዘግይቶ አዲስ አበባ የገባው ኤድና ሞልና ቦራ ፓርክ ለልጆች የከፈቱትን ዓይነት ነገር ሆኖ ነው፤ ወላጅ ይዞ የሚመጣው ልጅ ይጫወትበታል፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በእግሩ የሚደርስ የጉራራ ልጅ ግን አይደርስበትም። እንጦጦ ፓርክም ለዓይን ቅርብ፣ ለኪስ ሩቅ ነው። ስልኩ ደግሞ ልጁን ብቻውን አስቀምጦታል፤ ያ ኒሺካዶ የጀመረው አቅጣጫ መጨረሻው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ኮረብታው ላይ አለ። ከእንጦጦ ማርያም ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ተቀምጧል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያ ነው። ከታች ደግሞ ጆስቲክ የሚበይድ፣ ቺፕ የሚሰካ፣ ከሞተ ማሽን ዕቃ አውጥቶ ሌላ የሞተ ማሽን የሚያስነሳ ልጅ አለ። ቡሽኔል ማለት የላይኛውን ቤትና የታችኛውን ቤት ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የእኛዎቹ ሁለት ቤቶች እስካሁን አይተዋወቁም። ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል፦ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» በተባለችው ሯጭ ዶሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስአፍሪካ ሽልማት አግኝቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሠሪዎቹ አሉ። ጌሙን ከሰው ጋር የሚሞክሩበት፣ ሁለት ልጅ ተጋፍቶ ሲጫወት ምን እንደሚስቅና ምን እንደሚሰለቸው የሚያዩበት ቦታ ግን ጌም ቤት ነው፤ አልኮርንም ሣጥኑን የሞከረው መጠጥ ቤት ውስጥ እንጂ ቢሮው ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ የየካና የጉለሌ ወረዳዎች ሆይ፣ ከማሸጋችሁ በፊት ለዩ። ጌም ቤት ከጫት ቤትና ከውርርድ ቤት ተለይቶ የራሱ የንግድ ፈቃድ መደብ ይኑረው። በትምህርት ሰዓት ይዘጋ፣ ከትምህርት በኋላ ይከፈት፣ ማታ የልጆች መውጫ ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፍ። ከጨዋታው ዋጋ በላይ ገንዘብ የሚያዝበት ቤት ይቀጣ። መጋረጃው በመስታወት ይተካና እናትም እህትም ከመንገድ ላይ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላቸው። ይህን የሚል ደንብ ከሁለት ገጽ አይበልጥም።